ሦስት ጨዋታ ሲቀረው

 

ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው የምጽፍላችሁ። "ኡስታዝ፣ ምን ነካህ?" የሚል መልእክት ከወዲሁ እየጠበቅሁ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ። ሰውን ከሥራው የማንሳት ሙሉ መብት ያለው ሰው፣ በመብቱ ሲጠቀም ለተነሺው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄዬ ይህ ነው። ከእናንተ መካከል ሱቅ ያላችሁ፣ ድርጅት የምትመሩ፣ ቤታችሁ ሠራተኛ ያለች፣ የመስጂድ ወይም የመድረሳ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጣችሁ አላችሁ። እኔም በዚህ ጉዳይ የግል ዕዳ አለብኝ። እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ነው። የከተማዋ ቡድን ዴንቨር ናጌትስ እ.ኤ.አ. በ2015 ማይክል ማሎን የሚባል አሰልጣኝ ቀጠረ። ሰውየው ስንብት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ በፊት ሳክራሜንቶ ላይ ሲያሠለጥን፣ ዋናው ኮከቡ በማጅራት ገትር ታሞ ከሜዳ በራቀበት ወቅት፣ በዲሴምበር 2014 ነበር ያሰናበቱት። ዴንቨር ላይ በመጀመሪያው ዓመት 33 ጨዋታ አሸንፎ 49 ተሸነፈ። በሁለተኛው 40 አሸንፎ 42 ተሸነፈ። በሦስተኛው 46 ቢያሸንፍም፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን በሚኒሶታ ሜዳ በተጨማሪ ሰዓት ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥሎ ማለፍ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ባለቤቶቹ ግን ታገሱት።

ትዕግሥቱም ፍሬ አፈራ። በ2014 የተጫዋቾች ምርጫ በ41ኛ ደረጃ የተወሰደ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ኒኮላ ዮኪች የሚባል ሰርቢያዊ ልጅ በዚህ አሰልጣኝ እጅ አደገ። የሊጉን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነት ሽልማትም ሦስት ጊዜ ወሰደ። ጁን 12 ቀን 2023 ናጌትስ ማያሚ ሂትን በድምር 4 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን የኤንቢኤ ዋንጫ አነሳ። ማሎን በቡድኑ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ አሰልጣኝ ሆነ። በመደበኛው ውድድር ብቻ 471 ጊዜ።

ከዋንጫው በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2025 አሰናበቱት። የኤንቢኤ መደበኛ ውድድር 82 ጨዋታ ነው። ናጌትስ 47 አሸንፎ 32 ተሸንፎ ነበር። የቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ናቸው። ከዚያ ጥሎ ማለፉ ይጀመራል።

ለምን? በተከታታይ አራት ጨዋታ ተሸንፈው ነበር። ከአራቱ አንዱ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው 140 ለ 139፣ በአንዲት ነጥብ የተሸነፉት ነው። በዚያ ጨዋታ ዮኪች ብቻውን 61 ነጥብ አስቆጥሯል። ሁለተኛው ኮከባቸው ጀማል መሬይ በጉዳት ውጭ ነበር። ከሽንፈቱ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ አሰልጣኙና የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ካልቪን ቡዝ ለወራት አልተስማሙም። ጋዜጦች ደጋግመው የጻፉት፣ ቤተኛውም ውጭ ያለውም የሚያውቀው ጠብ ነው። በዚያው ቀን ሁለቱም ተሰናበቱ።

አርሰናልን የምትደግፉ ወንድሞች (ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ከሰላት በኋላ መስጂድ ደጃፍ ላይ የምትከራከሩትን እሰማለሁ) ይህን ባለቤት ታውቁታላችሁ። የስታን ክሮንኬ ቤተሰብ ነው። ናጌትስን በቤተሰቡ ስም የሚመራው ልጁ ጆሽ፣ በአርሰናልም ቦርድ ውስጥ ያለው ያው ሰው ነው። አርሰናል በ2020 እና በ2021 ስምንተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ በኦገስት 2021 ደግሞ የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቹን አንድም ጎል ሳያስቆጥር ተሸንፎ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ሲቀመጥ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ "አርቴታ ይውጣ" ያላችሁት? አላወጡትም። ስለዚህ "ሀብታም ነው፣ ትዕግሥት የለውም" ብለን ነገሩን መዝጋት አንችልም። ይኸው ቤተሰብ ለንደን ላይ ታግሷል፣ ዴንቨርም ላይ አንድ ጊዜ ታግሷል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ ስንብት ብርቅ አይደለም። ከ2019 እስከ 2023 ዋንጫ ካነሱት አምስት አሰልጣኞች አራቱ፣ ዋንጫ ካነሱ አራት ዓመት ሳይሞላቸው ተሰናብተዋል። የቀረው የጎልደን ስቴቱ ስቲቭ ከር ብቻ ነው። ማሎን ከመሰናበቱ 11 ቀን በፊትም ሜምፊስ አሰልጣኙን ቴይለር ጄንኪንስን ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀረው አሰናብቶ ነበር። ልማድ መሆኑ ግን የነገሩን ትክክለኛነት አያሳይም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ከባለቤቱ ወገን ልጀምር፤ ሰው በሌለበት ሲከሰስ ጥሩ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል።

ቡድኑ የእሱ ነው። ውሉ የማሰናበት መብት ይሰጠዋል። አሰልጣኙ በባዶ እጁ አልሄደም፤ በዚህ ሊግ የተሰናበተ አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ የቀረው የውል ገንዘብ ይከፈለዋል። ባለቤቱ አማና ያለበትም ለአሰልጣኙ ብቻ አይደለም፤ ለተጫዋቾቹም ነው። ዮኪች ያኔ 30 ዓመቱ ነበር። የአንድ ስፖርተኛ ምርጥ ዘመን ጥቂት ዓመት ናት፣ አንዷ በጠብ ስትባክን ዝም ብሎ ማየትም በደል ይሆናል። ቡድኑ ባወጣው መግለጫ ጊዜው መጥፎ መሆኑን ራሱ አምኗል፣ አሰልጣኙ የገነባውንም አመስግኗል፣ ይህን ያደረግነው የዘንድሮውን ዋንጫ ዕድል ላለማጣት ነው ብሏል። ይህ የጨካኝ ሰው ንግግር አይደለም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል።

ጠቡ የከረመ ነው። በአራት ሽንፈት የተወለደ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ለወራት ሲነካከሱ ያንን የማስታረቅ ወይም የመለየት ሥራ የማን ነበር? የአሰልጣኙ አይደለም፣ የሥራ አስኪያጁም አይደለም፤ ከሁለቱ በላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቡድኑ ሲያሸንፍ ጠቡ ይሸፈናል፤ ሲሸፈን ደግሞ ባለቤት ይዘገያል። መዘግየት ሰዋዊ ነው፣ ሁላችንም እንዘገያለን። የዘገየው አንዱ ሆኖ የመዘግየቱን ዋጋ ሌላው ሲከፍል ግን ልቤ አይቀበለውም። በክረምት መቆረጥ የነበረበት ነገር በኤፕሪል ተቆረጠ፣ በኤፕሪል በመቆረጡም የተዋረደው ሰው ያዘገየው ሰው አልነበረም።

ለአንድ ገበሬ አስቡት። አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ወፍ ጠብቆ፣ ማጭዱን ስሎ ማሳው ዳር ሲቆም "ከዛሬ ጀምሮ መሬቱን ለሌላ ሰጥተናል፣ የድካምህን ሒሳብ ግን እንከፍልሃለን" ቢባል፣ ሒሳቡ ሙሉ ቢሆን እንኳ የቀረበት ነገር አለ። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየኹጥባው እንሰማዋለን። የሠራተኛ ሐቅ በደመወዝ ብቻ የሚያልቅ የሚመስለን ግን ብዙ ነን። ሥራውን ከዳር አድርሶ የማየት ነገርስ? ይህ በየትኛውም ውል ላይ አይጻፍም፣ ፍርድ ቤትም አያስመልሰውም። ሰው ግን እንቅልፍ የሚያጣው በእሱ ነው።

"ውጤቱን እንይ" የሚሉ አሉ። እንየው። የማሎንን ቦታ የያዘው ዴቪድ አደልማን ነው፤ ከ2017 ጀምሮ የማሎን ምክትል የነበረ። የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፉ፣ ድምሩ 50 ለ 32 ሆነ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስን በሰባት ጨዋታ ጣሉ። በሁለተኛው ዙር ኦክላሆማ ሲቲ ተንደርን እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ድረስ ወስደው ተሸነፉ። ተንደር የዓመቱን ዋንጫ አነሳ። አደልማንም ቋሚ አሰልጣኝ ተደረገ።

ታዲያ ባለቤቱ ልክ ነበር ወይስ ተሳስቶ ነበር? አንዱ "አያችሁ፣ ቡድኑ ነፍስ ዘራ፣ ሻምፒዮኑን ሊጥል ነበር" ይላል። ሌላው "ያው ሁለተኛ ዙር ላይ ቀረ፤ ያሸነፈውም የማሎን ልጆችና የማሎን ምክትል ነው" ይላል። ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይዘው ነው የሚከራከሩት። በሰባተኛው ጨዋታ ቢያሸንፉ ኖሮ፣ ኤፕሪል 8 ቀን ጠዋት የተደረገው ነገር በደልነቱ ይጠፋ ነበር? ዮኪች በክሊፐርሱ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ቢለው ኖሮስ፣ ያው ውሳኔ ወደ ኋላ ተመልሶ ወንጀል ይሆን ነበር? አንድ ሥራ ልክ መሆኑ ከዚያ በኋላ በሚንከባለል ኳስ የሚወሰን ከሆነ፣ ማናችንም ዛሬ ማታ ልክ ሠርተን ይሁን ሳትን ሳናውቅ ነው የምንተኛው።

ዲናችን በዚህ ላይ አስደናቂ ነገር አለው። ዳኛ አቅሙን አሟጦ መርምሮ ሲፈርድ፣ እውነቱን ካገኘ ሁለት ምንዳ፣ ከሳተም አንድ ምንዳ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የሳተው ሰው ምንዳ አገኘ፤ ለምን ቢባል ደክሟል፣ መርምሯል። ተቃራኒውንም አስቡት። ሳይመረምር፣ ሳይጠይቅ፣ ተናድዶ ወይም ደክሞት የወሰነ ሰው ውጤቱ ቢያምርለት፣ በማመሩ ነጻ አይወጣም። ዮኪች ራሱ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ነግሮታል፤ የነገረው ግን የተወሰነውን ነው፣ ሐሳቡን አልጠየቀውም። ለዮኪች ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ "አሰልጣኙን ያስባረረው እሱ ነው" ከመባል አድኖታል። ግን አንድ የአሥር ዓመት ሥራ ሲዘጋ ማን ተጠየቀ የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ።

እዚህ ላይ የኻሊድ ኢብኑል ወሊድን ታሪክ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዑመር (ረ.ዐ) ያንን የማይሸነፍ የጦር መሪ ከአዛዥነት ማንሳቱን ሁሉም ይጠቅሳል፣ ሰው ድሉን ከአላህ ይልቅ ከኻሊድ መጠበቅ እንዳይጀምር ብሎ እንደሆነም ይነገራል። እኔ ግን ብዙ የማይነሳውን፣ የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ) ታሪክ ላንሳ። ሶሐባን ከኳስ አሰልጣኝ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፣ አላህ ይጠብቀኝ። የማየው አንሺውን ነው።

የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ላይ አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው "ሰላት እንኳ በደንብ አያሰግደንም" እስከማለት ደረሰ። አስቡት፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ የሰገደን ሰው! ዑመር ከቦታው አነሳው፣ በምትኩም ዐማርን (ረ.ዐ) ሾመ። ግን በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ያለውን ዝርዝር እዩት። ዑመር ሰዕድን አስጠርቶ ፊት ለፊት "እንዲህ ይሉሃል" አለው፣ መልሱንም ሰማ። ከዚያ ሰዎች ወደ ኩፋ ልኮ በየመስጂዱ አስጠየቀ፤ አንድ መስጂድ አልዘለሉም። አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ሲያማርር ሌላው በጎ መሰከረ። ሰዕድ በቦታው አልቀጠለም፤ ሕዝብና ገዢ ካልተስማሙ ማንሳት አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ዑመር በጩቤ ተወግቶ ሊሞት ሲል፣ ከእሱ በኋላ መሪ የሚመርጡ፣ ከመካከላቸውም መሪ የሚወጣ ስድስት ሰዎች ሰየመ። ሰዕድን ከስድስቱ አንዱ አደረገው። መሪነቱ ለሰዕድ ካልደረሰም የሚሾመው ሰው በእሱ እንዲገለገል አሳሰበ፤ ሰዕድን ያነሳሁት አቅም አንሶት ወይም አማና በልቶ አይደለም ብሎም ተናገረ። ደሙ እየፈሰሰ! የሚያስበው ስለ ዕዳው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀብሩ ሆኖ ሳለ፣ ከዓመታት በፊት ያነሳው ሰው ስም ላይ ጥላ እንዳይቀር ጊዜ ሰጠ። ማንሳት የሰውየውን ስም እንደሚነካ ያውቅ ነበር። ሰው "ለምን ተነሳ?" ብሎ ሲጠይቅ ባዶውን ቦታ ክፉ ወሬ ነው የሚሞላው።

ያሰናበታችሁትን ሰው ስም ማን ያጸዳለታል? ከዒድ ሁለት ሳምንት በፊት ወደ አገሯ የሸኛችኋትን የቤት ሠራተኛ ሰፈሩ "ሰርቃ ነው" ሲል፣ "አይደለም፣ እኛ ስለተቸገርን ነው" ብላችኋል? ወይስ ዝም ማለቱ ቀለላችሁ?

እኔ ዝም ካሉት ነኝ። ዕዳ አለብኝ ያልኩት ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መድረሳ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። እዚያ 11 ዓመት ቁርኣን ያስቀሩ አንድ ኡስታዝ ነበሩ። ያረፍዳሉ፣ አዲሱን የትምህርት አሰጣጥ አልተቀበሉም፣ ከአስተዳዳሪው ጋር አይነጋገሩም። ይህ አንድ ዓመት ሙሉ ቆየ። በየስብሰባው ይነሳል፣ በየስብሰባው "ለሚቀጥለው" ይባላል። እኔም "ለሚቀጥለው" ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰውን ፊት ለፊት መናገር ከብዶኝ። ሸዕባን ገብቶ፣ ልጆቹ ቁርኣን ሊያኸትሙ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አንድ ወላጅ ጮክ ብሎ ስለተናገረ በአንድ ምሽት ወሰንን። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ "ዩኒቨርሲቲ የገባው እሱ ነው፣ አማርኛው ጥሩ ነው" ተብሎ። አራት መስመር ነበር። የሁለት ወር ደመወዝ እንደሚከፈላቸው ይላል። ደብዳቤውን የሰጣቸው የጥበቃው ሠራተኛ ነው።

አዲስ ወጣት ኡስታዝ መጣ፣ የኸትሙ ዝግጅት አማረ፣ ወላጆች ተደሰቱ። ከኮሚቴው አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አየህ፣ ልክ ነበርን" አለኝ። እኔም "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ሰፈር ውስጥ ስለ እሳቸው የተወራውን አልደግመውም። ውሸት እንደነበር አውቅ ነበር፤ አንድም ቀን አላስተባበልኩም።

ስለ ዴንቨሩ አሰልጣኝ ሳነብ ሦስት ጨዋታ የሚለው ቁጥር ሦስት ሳምንት ሆኖ ነው የታየኝ። ባለፈው ሳምንት አድራሻቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። በሌላ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ይቅርታዬን ገና ሳልጨርስ "ዐፉ ብያለሁ፣ ተወው" አሉኝ፣ ቡናም ቀረበ። ለሰፈሩም እውነቱን እንደምናገር ነገርኳቸው፤ በዚህ ጽሑፍ የጀመርኩት እሱን ነው። ሲኒዬን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በኸትሙ ቀን መጀመሪያ የቀራው የትኛው ልጅ እንደነበረ።

ነገርኳቸው። የትኛዋን ሱራ እንደቀራም ጠየቁኝ፣ እሱንም ነገርኳቸው።